የዘማቹ ፍትሐት

በደርግ ጊዜ ቢቸና አስተምር ነበር። ከቀበሌ ስብሰባ ስንመለስ፣ ስለ አንድ የድሮ ዘማች የምጽፈውን ልብ ወለድ እማሆይ ጥሩ ለሚባሉት አከራዬ አነብላቸው ነበር። ሰውዬውን ከራሴ ነው ያመጣሁት። አንድ ማታ ባነበብሁላቸው ምዕራፍ ወደ ሞጣ ሲሻገር ወንዝ ወሰደው። እማሆይ ተነሥተው ገቡ።

እሑድ ጠዋት ስወጣ ግቢው ጭጋግ ለብሷል፤ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች ዳር ዳሩን ተቀምጠዋል። «እግዜር ያጥናህ» ይሉኛል በየተራ። ገና ያልነቃሁ መሰለኝ።

«እማሆይ፣ ሰውዬውን እኮ እኔ ነኝ የፈጠርሁት» አልኋቸው ቀስ ብዬ።

«ታዲያ ካንተ ሌላ ማን አለው?» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ከሴቶቹ ጋር የመጡት ቄስ ቀረቡኝ። «ለፍትሐቱ የክርስትና ስሙን ማን እንበል፣ መምህር?»

የክርስትና ስም አላወጣሁለትም ነበር። የራሴን ነገርኋቸው።