የእናቴ ዳንቴልና የጃፓኗ ልጅ

ወንድሜ ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ ይዞት የመጣው ጌም ኳስ እንዳልሆነ ያወቀ ቀን የተሳደበውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ሻጩ ምሎ ተገዝቶ "ኳስ ነው" ብሎታል። ቤት አምጥቶ ቴሌቪዥኑ ላይ ሲሰካው ግን ኳስ የለ፣ ሜዳ የለ! ቀይ ሻሽ ያሰረች፣ ዓይኗ ግማሽ ፊቷን የያዘ አንዲት ልጅ ትልቅ ድስት ላይ ቆማ ቅጠል ታማስላለች። ጽሑፉ ሁሉ ጃፓንኛ ነው።

"ጠላቷ የታለ? ማንን ነው የምትገድለው?" አለ ወንድሜ ጆይስቲኩን እየደበደበ።

ልጅቷ ማንንም አትገድልም። ጫካ ትገባለች፣ አበባና ድንጋይ ትለቅማለች፣ ቤቷ ተመልሳ ታማስላለች፣ የሠራችውን ለጎረቤት ትሰጣለች። በቃ። ወንድሜ ገበያው ዳር ጌም ቤት ሊከፍት ነበር ያሰበው፤ ለዚህች ልጅ ደግሞ ማን ወረፋ ይይዛል? የኳስ ሲዲ ከአዲስ አበባ እስኪላክለት ማሽኑን ቤት ጥሎት፣ ረዳት ሆኖ በሚሠራበት የጭነት መኪና ወደ ኩርሙክ ተመለሰ። ሻጩን ፈልጎ ሊያንቀው እንደሆነም ነገረን።

ክልሉ ያኔ ገና አዲስ ነበር። አሶሳ ላይ በየሳምንቱ አንድ ቢሮ ይከፈታል፤ ወንበሩ ሳይመጣ ኃላፊው ይሾማል። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ፤ ምላሴ ከውጤቴ ይበልጣል። አባቴ ካረፈ ወዲህ ቤት ውስጥ እኔና እናቴ ብቻ ነን፤ ወንድሜማ ሲመጣ ነው የሚመጣው።

እናቴ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ የመጣች ሰው ናት። እሷና ታላቅ እህቷ በአንድ ቀን በሁለት መኪና ተጫኑ። የእሷ መኪና አሶሳ አወረዳት፣ የእህቷ ፓዌ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተያዩም። አዲሱ ክልል ሲመሠረት ፓዌም አሶሳም አንድ ክልል ናቸው ተባለ፤ እናቴ ይህን ስትሰማ ደጅ ወጥታ እልል አለች። በመሃል አባይ እንዳለ፣ በቀጥታ የሚያሻግር መንገድም እንደሌለ የነገሯት በኋላ ነው። መንገዱ በወለጋ ወጥቶ፣ አዲስ አበባ ገብቶ፣ በጎጃም ዞሮ ነው የሚወስደው።

"አንድ ቤት ነው ይሉኛል፤ በሩ ግን በሌላ ሰው ጓሮ ነው" አለችና ለቀናት ተኮሳተረች።

ያስቀራት መንገዱ ቢሆን ኖሮ ግድ የለም፣ ትሄድ ነበር። ያስቀራት ማንበብ አለመቻሏ ነው። "መናኸሪያው ላይ ሰሌዳውን ማን ያነብልኛል? ጎጃም ያልኩት ጅማ ቢያወርደኝስ?" ትላለች። በየዓመቱ "ለከርሞ" ትላለች። ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ፣ የሚመጣውን የማነብበውም እኔ ነኝ። ጌሙ ከመምጣቱ በፊት የመጣው ደብዳቤ ላይ አክስቴ "ዓይኔ እየደከመ ነው፤ ሳላይሽ እንዳይጨልምብኝ" ብላ አጽፋለች። እናቴ ይህችን መስመር ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብላኝ ራሷ አፍጥጣ አየችው።

እንግዲህ ያ ጌም እንዲህ ባለ ሰሞን ነው ቤታችን የገባው።

መጀመሪያ ስጫወት እናቴ ከኋላዬ ተቀምጣ ዳንቴል ትሠራለች። ቤታችን ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ነገር የለም፤ ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ሬዲዮው ለብሷል፣ የውኃ ጀሪካኑ ሳይቀር ለብሷል። ለጌሙም በስንዝሯ ለክታ ጀምራለታለች። ዳንቴሉን እየሠራች ግን አፏ ዝም አይልም።

"ምነው ይች ልጅ ቅጠልና ድንጋይ ባንድ ድስት ትከታለች? እናት የላትም?"

"ጌም ነው እማ።"

"ጌም ቢሆንስ! በይ አሁን ያንን ቢጫውን አበባ አትክተችው፣ ትናንት አጭሶብሽ የለም?"

እውነቷን ነበር። ትናንት ቢጫውን ስከት ድስቱ ፈንድቶ የልጅቷ ፊት ጠቁሯል። እኔ ረስቼዋለሁ፤ እናቴ አልረሳችም። በዚያ ጌም ፊት ሁላችንም መሃይም ነበርንና እኔ ደብተር ይዤ ሥዕል ስስልና "ቀይ ሲደመር ክብ ድንጋይ" ብዬ ስጽፍ፣ እሷ በቃሏ ይዛ ሦስት እርምጃ ትቀድመኛለች። በሳምንቱ ጆይስቲኩን ከእጄ ወሰደችው። "ተይ እስቲ፣ እጅሽ ችኩል ነው" ብላ። እናቴ እረፍት የምትባል ነገር ስታደርግ ያኔ ገና ማየቴ ነው፤ እረፍቷም ሥራ ነበር።

ጎረቤታችን፣ ገበያ ላይ ከርከዴና ባምያ የምትሸጠው የበርታ ሴት፣ ከሰዓት በኋላ እየመጣች ከእናቴ ጎን ትቀመጣለች። ጫካው ውስጥ ቀይ አበባ ባየች ቁጥር በሰባራ አማርኛዋ "ወላሂ ከርከዴ ነው! ለቀም፣ ለቀም!" እያለች ታጨበጭባለች። አንድ ቀን የቀርከሃ ጫካ ሲመጣማ ሁለቱም ተነሥተው ቆሙ። ጃፓን ውስጥ ቀርከሃ አለ ብሎ የነገራቸው የለማ። እናቴ "ይኸው፣ የኛ አገር ነው" ብላ ልቧ ሙሉ ሆነ።

ችግሩ መብራት ነበር። ማሽኑ ሚሞሪ ካርድ የሚባለው ነገር የለውም፤ መብራት ሲሄድ ልጅቷ የለቀመችውም የሠራችውም አብሮ ይሄዳል። ሲመጣ ከባዶ ድስት እንጀምራለን። ስንት ጊዜ እንደጀመርን አልቆጠርኩም። እኔ ጆይስቲኩን ወርውሬ አለቅሳለሁ፤ እናቴ "ምን ያስለቅስሻል፣ መንገዱን አውቀነው የለ" ትላለች።

የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። ከመንደሩ ማዶ ወንዝ አለ፣ ድልድዩ ፈርሷል። ወንዙ ዳር አንድ ጢማም ሽማግሌ ቆሞ የሦስት ነገር ሥዕል ያሳያል፤ አምጡልኝና ልጠግነው ማለቱ ነው። አንዱ ቀርከሃ ነው፣ አገኘነው። ሁለተኛው ገመድ ነው። እኔ ገመዱን በየጫካው ስፈልግ እናቴ ጫፉ ነጭ የሆነውን ሣር ድስት ውስጥ ከተተችና ገመድ ሆኖ ወጣ። "ቃጫ ነው እኮ፣ ሳየው ያስታውቃል" አለችኝ ንቃኝ። ሦስተኛው ጥቁር ሙጫ ነው፤ እሱ ፍዳችንን አበላን።

"ድልድዩን ሳላሻግራት አልሞትም" ትላለች እናቴ። ጎረቤታችን ይሄን ስትሰማ አንድ ቀን ከት ብላ ሳቀችባት።

"አንተ ይቺን ልጅ ያሻግራል፣ ራሱ ቁጭ! ለምን ፈራ? እኔ ማንበብ የለም፣ ኩርሙክ ሄደ፣ ሱዳን ገባ፣ ተመለሰ። አፍ አለ፣ ይጠይቃል፣ አለቀ።"

"አንችማ ነጋዴ ነሽ" አለች እናቴ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳታነሣ። ጆሮዋ ግን ቆሟል።

አንድ ቅዳሜ ወንድሜ መጣ። የኳሱ ሲዲ ደርሷል፣ ገበያው ዳር ቤት ተከራይቷል፣ ሰኞ ማሽኑን ይወስዳል።  እናቴ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ጌሙ ፊት ቁጭ አለች። የዚያን ቀን መብራት ተባረከ፤ ብልጭ ሳይል ዋለ። ስምንት ሰዓት ላይ ሙጫውን አገኘነው፤ ድንጋይ ከሰልና የዛፍ ፍሬ ነው ለካ! ጮኽኩ። ሽማግሌው ሦስቱንም ተቀብሎ መዶሻውን ሲያነሣ እናቴ ተማተበች።

ያ ወቅት ሣሩ የሚቃጠልበት ነበር። በአሶሳ ዙሪያ ያለው ሣር በበጋ ሲነድ ጥላሸቱ በነፋስ መጥቶ ከተማው ላይ ይወርዳል፤ ልብስ አስጥተሽ ከረሳሽው አለቀልሽ። ነፋሱ በመስኮት ሲገባ እናቴ ጥቁር ብናኝ ማሽኑ ላይ አየች። ያ የጀመረችው ዳንቴል አልቆ ነበር። ብድግ ብላ፣ ሁለት እጥፍ አድርጋ፣ ማሽኑን ከላይ እስከ ጎኑ ጥቅልል አድርጋ አለበሰችው። "አይዞሽ፣ አያገኝሽም" አለቻት ልጅቷን። እኔም እያየሁ "አምሮበታል" አልኩ። እግዜር ያሳያችሁ!

ልጅቷ ድልድዩ ላይ ወጣች። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ። መሃል ላይ ስትደርስ አንድ እግሯን አንሥታ ቀጥ አለች። ሙዚቃው አንድ ድምፅ ላይ ተጣብቆ ይጮኻል። እናቴ ቁልፉን ተጫነች፤ ምንም። ደግማ ተጫነች፤ ምንም።

ወንድሜ ከጓዳ ወጥቶ ዳንቴሉን ሲገልጠው ማሽኑ ድፎ ዳቦ ይጋግራል። "ማነው የሚቃጠል ነገር ጋቢ ያለበሰው?" አለ። እኔ ደግሞ፣ ይቺ ምላሴ ትቆረጥና፣ "ዳንቴልሽ ገደላት!" አልኳት።

እናቴ አለቀሰች። ለጌም ያለቀሰች መስሎኝ ልስቅ ነበር፤ ፊቷን ሳየው ሳቄ ጠፋ። "መሃል ላይ ቀረች" አለች። "መሃል ወንዝ ላይ።" ያኔ ነው የገባኝ። እግሯ ሥር ተቀምጬ "ይቅር በይኝ" አልኳት፤ ሰማችኝ አልሰማችኝ እንጃ። ወንድሜ ማሽኑን አጥፍቶ እንዲቀዘቅዝ በጎኑ አቆመው።

 ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና "ማክሰኞ እሄዳለሁ" አለች።

"የት?"

"እህቴ ጋ።"

"ሰሌዳውን ማን ያነብልሻል?" አልኩ፤ የእሷን ቃል መልሼላት።

"የዚችንስ ልጅ ማን አነበበልን? ይልቅ ደብተርሽን አምጭና መንገዱን ሣዪልኝ።"

ሣልኩላት። መኪና የምትቀይርበትን በየገጹ አደረግሁ፤ ለአዲስ አበባ ፎቅ፣ ለአባይ በረሃ ጠመዝማዛ መንገድና ድልድይ፣ ለጎጃም የጤፍ ማሳ፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ሴቶች። ሥዕሌ አያምርም፤ ሁለቱ ሴቶች እንሥራ መሰሉ። እናቴ እያንዳንዱን ገጽ በጣቷ እየነካች በቃሏ ያዘችው። ማክሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ስሸኛት ደብተሩን መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣ፣ ዳንቴሉን ደግሞ ስጦታ ብላ በፌስታል ይዛ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወሬዋ ጠፋ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። እኔ እንቅልፍ የለኝ፣ ወንድሜ "ማን ልኪያት አለሽ?" እያለ ይነዘንዘኛል። ጅማ ወርዳ ይሆን እያልኩ ስንት ጊዜ አለቀስኩ! በሦስተኛው ሳምንት ከቴሌ መልእክት መጣ፤ "ቅዳሜ እንገባለን" ይላል። "እገባለሁ" አይልም።

ወንድሜ ይሄን ሲሰማ አርብ ማታ ማሽኑን ከጌም ቤቱ ተሸክሞ መጣ። ቅዳሜ ጌም ቤቱን ዘጋ፤ ኳስ ተጫዋቾቹ በሩን እየደበደቡ ረገሙት። ከጠዋት ጀምረን እኔ እለቅማለሁ፣ እሱ ያማስላል። ያ "ማንን ነው የምትገድለው" ያለው ሰውዬ "ነጩን ሣር፣ ነጩን!" እያለ ይጮኽብኛል። ማሽኑ ራቁቱን ነው። መብራት እንዳይሄድ የተሳልኩትን ስለት እስከዛሬ አላስገባሁም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት ሴቶች እየተጨቃጨቁ ደጃችን ደረሱ። እናቴ ከስታለች፣ አቧራ ለብሳለች፣ ከአሶሳ ሰው ሁሉ በላይ ትናገራለች። አክስቴ ዳንቴሉን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ክንዷን ይዛታለች። ፊቴን በሁለት እጇ ዳብሳ ስትጨርስ ነው የሳመችኝ።

እናቴ ቴሌቪዥኑ ላይ ሽማግሌውን ከተጠገነው ድልድይ አጠገብ ስታየው ሻንጣዋን በሩ ላይ ጣለችው። ጆይስቲኩን አነሣችና፣ እኔ ትቀመጣለች ስል፣ እህቷን አስቀምጣ እጇ ላይ አደረገችላት።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለች አክስቴ። "እኔ ብዥ ነው የሚልብኝ። ምን ይላል?"

"እኔ አነብልሻለሁ" አለች እናቴ፣ ጎኗ ተቀምጣ። "ድልድይ ነው። ሂጅ ወደፊት ይላል።"