ቶርመንት እና የእህቴ ትከሻ

የእህቴ ባል ጡረታ የወጣ የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ሰፈሩ «ጋሼ ምንጩ» ይለዋል፤ አንዲት ቃል ከአፍህ ካመለጠች «ምንጯን ታውቃለህ?» ሳይል አይለቅህማ! ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም የዋህ ነው። ተማሪ ሲያጣ ግን ትምህርቱን ሁሉ እህቴ ላይ አወረደው። ሾርባ ስታቀርብለት የማንኪያን የዘር ሐረግ ይዘረዝርላታል። እሷም ትሰማዋለች፤ ትዳር ነዋ!

ባለፈው ሰሞን ነገሩ ከረረ። እኔና እህቴ ልብስ እጥበት ቤት ነው የምንሠራው። ቀኑን ሙሉ የሰው ብርድ ልብስ ስትጨምቅ ውላ ቤቷ ገባችና፣ «ኧረ ትከሻዬ አሰቃየኝ! እስቲ እሽልኝ» አለችው። እሱ ሆዬ ብድግ አለ። ቅባት ሊያመጣ መስሏት ጀርባዋን ሰጥታ ጠበቀች። መዝገበ ቃላት ይዞ አይመጣ መሰላችሁ! «ማሰቃየት በእንግሊዝኛ ቶርመንት ይባላል» ብሎ ጀመረላት።

ትራሷን ይዛ እኔ ጋ መጣች። ያለችኝ አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ ናት፤ እህቴ ደግሞ ተኝታ ትራገጣለች። «በቃኝ፣ አልመለስም» ስትል ንዴት ነው፣ ይበርድላታል ብዬ ነበር። ልብሷን በካርቶን ስታስመጣ ግን ደነገጥኩ። ትዳሯ ሊፈርስ ነው!

ሄጄ፣ «ጋሼ፣ ነገ ሥራ ቦታ መጥተህ ይቅርታ ጠይቃት። በናትህ ግን የቃል ምንጭ የሚባል ነገር እንዳታነሳ!» አልኩት።

«በፍጹም!» አለኝ።

በማግስቱ ከረባት አስሮ መጣ። የመጭመቂያው ማሽን ከተበላሸ ቆይቷል፤ ብርድ ልብስ የምንጨምቀው ጫፍና ጫፉን ለሁለት ይዘን፣ አንዷ ወደ ቀኝ አንዷ ወደ ግራ እየጠመዘዝን ነው። ደንበኛ ጠራኝና የኔን ጫፍ ጋሼን አስያዝኩት። የተጠማዘዘውን ብርድ ልብስ ሲያይ ዓይኑ በራ። ወይኔ፣ መጣበት! አልኩ በሆዴ።

«ይገርምሻል፣» አላት፣ «ቶርመንት ምንጩ ላቲን ነው፤ መጠምዘዝ ከሚል ቃል የወጣ። ጥንት ገመድ ጠምዝዘው ድንጋይ የሚወረውሩበትን የጦር መሣሪያ በዚሁ ስም ይጠሩት ነበር። ኋላ ደግሞ የሰው ማሰቃያውን...»

ደሜ ፈላ። አፉ ውስጥ ሳሙና ብወትፍበት ደስ ባለኝ! እህቴ ግን መጠምዘዟን ቀጠለች። ድንገት ግራ እጇ ከዳትና ብርድ ልብሱ ሳፋው ውስጥ ዘጭ አለ። ውሃው ከረባቱን አራሰው። ልታነሳው ጎንበስ አለች፤ ጣቶቿ አልታጠፍ አሏት።

ጋሼ ምንጩ ጀምሮት የነበረውን ወሬ አቋርጦ እጇን ያዘ። እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም።

«እጅሽ... ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?»

«ዓመት አለፈው። ነግሬህ ነበር እኮ።»

«መቼ ነገርሽኝ?»

«አንተ ስታስረዳኝ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። አንጀቴን በላው፤ ስሰድበው የከረምኩት ሴትዮ እንባዬ መጣ። ቦርሳዋን አንጠለጠለና ደግፎ ሐኪም ቤት ወሰዳት።

ማታ ወደ ቤቷ ልትመለስ ካርቶኗን እየሸከፈች የሆነውን ስትነግረኝ ሳቋ ያቋርጣት ነበር። ሐኪሙ ወደ እሱ ዞሮ፣ «ምን ሆና ነው?» ብሎ ጠየቀው አሉ። ጋሼ ምንጩ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው።

«እሷ ትንገርዎት» አለ።