ጉድጓዱ ውስጥ የገባው መድኃኒት

ይህ የደረሰው ባለፈው ዓመት ሐምሌ፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ሂልቶፕ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ለቅሶ ቤት ነው። ለብዙ ነገር መልስ የማላጣ ሰው ነኝ፤ ይህን ግን እስከ ዛሬ ለማንም አላወራሁትም።

ሐዘንተኛው ተሾመ ነው፤ ዌርሃውስ ዕቃ የሚጭን፣ ቁጡ ግን ደግ ሰው። አገር ቤት ያለች እህቱና ሁለት ልጆቿ በአንድ ሳምንት ውስጥ በኮሌራ ሞተውበታል። በአካባቢያቸው ጦርነቱ ካበቃ ገና ዓመት አልሞላም።

ቅዳሜ ጠዋት ሃያ ያህል ሰው ተቀምጠን ሳለ የአጎቱ ልጅ ከአገር ቤት ደወለ። ተሾመ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገው።

«ጋሼ፣ ይዘነዋል! ጉድጓዱ ውስጥ መድኃኒት የጨመረውን ሰውዬ። ነርስ ነኝ፣ ውሃውን ላክም ነው ይላል። ከወንዙ ማዶ የመጣ ነው።»

ማዶ ያሉት በጦርነቱ የወጓቸው ሰዎች ናቸው። የቤተሰቡ ታላቅ ተሾመ ስለሆነ ሰውዬውን የያዙት ዘመዶቹ የእሱን ቃል ይጠብቃሉ። ቢሆንም ዱላው ተጀምሯል፤ ሰው ሲጮህ ይሰማናል።

ተሾመ ብድግ አለ። «ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?»

አንድ ሽማግሌ ክንዱን ያዙት። «ቆይ እንጂ! አቶ ዳዊት ያነበበ ሰው ነው፤ እስቲ እሱ ይናገር።»

ተናገርኩ። ወረርሽኝ በገባበት ሁሉ ውሃ መራዥ እንደሚፈለግ፣ የሚገኘውም ሁልጊዜ ትናንት የተጣሉት ጎረቤት እንደሆነ አስረዳሁ። «ሰው ጀርም መክሰስ ስለማይችል ጎረቤቱን ይከሳል» አልኩ። አባባሉ ደስ ስላለኝ ደገምኩት። ማንም አላቋረጠኝም።

«እህቴ ሞታ ሌክቸር ታደርገኛለህ?» አለና ተሾመ የሻዩን ፔርሙዝ አንሥቶ አፌ ላይ አሳረፈው። ሁለት ጥርስ መዳፌ ላይ ወደቀ።

በግርግሩ መሐል አልማዝ፣ ነርሲንግ ሆም አረጋውያን የምትንከባከብ ሴት፣ ስልኩን አነሣች።

«ስማኝ ልጄ፣ መድኃኒቱ መቼ ነው የገባው?»

«ሐሙስ።»

«ልጆቹስ መቼ ታመሙ?»

«ማክሰኞ... ከሐሙስ በፊት።»

ተሾመ ስልኩን ነጠቃት። «ልቀቁት! በሟች እህቴ ይዣችኋለሁ፣ ልቀቁት!»

«አሁንማ አይንቀሳቀስም፣ ጋሼ» አለ ልጁ።

ቆይቶ አልማዝን ለምን ቀድማ እንዳልጠየቀች ጠየቅኋት። «እርስዎ እየተናገሩ እንዴት አቋርጣለሁ?» አለችኝ።

ጥርሶቼን አስተክያለሁ። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ዛሬም አንዱን ቃል አላነሣም። እንቅልፍ የሚነሣኝ ሌላ ነው። ንግግሬ መሐል ላይ በስልኩ የሚሰማው የሰውየው ጩኸት እየቀነሰ መጣ። እኔ ደግሞ ሰሙኝ ብዬ ደስ አለኝ።