የኋላ ማርሽ የሌለው ላንድሮቨር

ከስፌት ቤቴ ደጃፍ፣ የጎርፍ መውረጃው ላይ የተጋደመ ወፍራም ላሜራ አለ። መኪና ባለፈበት ቁጥር «ጓ!» ይላል። ጎረቤቴ ፀጉር ሠሪዋ «ኧረ ይሄ ነገር ጆሮዬን ሊበጥሰው ነው፣ በያጅ እንጥራ» ስትለኝ ከረመች። እኔ ሁልጊዜ ወሬ አስቀይሳታለሁ። ለምን መሰላችሁ? ያ ድምፅ ሲመጣ እግሬን ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አነሳለሁ። የቆላው ወበቅ ፊቴን ይመታኛል፣ ናፍጣና ሽንኩርት አንድ ላይ ይሸተኛል፣ እንደገናም የአባቴ ላንድሮቨር ጋቢና ውስጥ እቀመጣለሁ።

በመንደራችንና በሸዋ ሮቢት መካከል ወንዝ ነበር። ወንዙ ላይ ደግሞ አንድ መኪና ብቻ የምታሳልፍ የብረት ድልድይ። ወለሏ ብሎኑ የላላ ላሜራ ስለሆነ መኪና ሲገባባት ጓ ጓ ጓ እያለች ማዶ ድረስ ታወራ ነበር። የድልድይዋ ሕግ ተጽፎ አያውቅም፣ ግን የማያውቀው ሹፌር የለም። መብራቱን ቀድሞ ብልጭ ያደረገ ያልፋል፣ የተቀደመው ዳር ይዞ ይቆማል።

አባቴ ሲቀደም ግን ያየ ሰው አልነበረም። ድልድይዋ ገና ሳትታይ፣ ከትልቁ ግራር መታጠፊያ ጀምሮ ያበራ ነበር። ለማን ነው የሚያበራው? ለማሽላው! «እንዳይቀድሙኝ ነው» ይላል፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ። ገበያተኛው ይህን አይቶ «የሱ ላንድሮቨር የኋላ ማርሽ የለውም» እያለ ያወራበታል። እሱም ደስ ይለው ነበር መሰለኝ፣ አስተባብሎ አያውቅም።

ተፎካካሪው ሽንኩርት በአይሱዙ የሚያመላልሱ ሹፌር ነበሩ። ከአባቴ በዕድሜ ትንሽ ይበልጣሉ፣ ግን እርስ በርስ አንተ ነው የሚባባሉት። ድልድይዋ ላይ በተገናኙ ቁጥር ሳይሰዳደቡ አይተላለፉም። «አንተ ሰው፣ ጎርፍ ቢመጣስ ታሳልፈዋለህ?» ይሉታል በመስኮት። «ጎርፉ መብራት ካበራ!» ይላል አባቴ። ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ። እናቴ ገና ሕፃን ሳለሁ ስላረፈች፣ አባቴን ከልቡ ሲስቅ የማየው እዚያች ድልድይ አፍ ላይ ነበር ማለት እችላለሁ።

አሁን ከጎኗ ሰፊ የሲሚንቶ ድልድይ ተሠርቷል። ባለፈው ሄጄ አየሁት። መኪናው ውር ውር ይላል፣ ማንም ለማንም አይቆምም። ጥሩ ነው፣ መንገድ መስፋቱን ማን ይጠላል። ብቻ ሹፌሮቹ የሚሰዳደቡበት ቦታ የላቸውም።

ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት በተቀመጥኩበት ዓመት፣ ደብረ ብርሃን ልብስ የምትሰፋው አክስቴ ላከችብን። አንድ የስፌት መኪና ባዶ ሆኖላታል፤ እስከ ቅዳሜ ከመጣሁ ታስተምረኛለች፣ ካልመጣሁ ለሌላ ልጅ ትሰጠዋለች። አባቴ መልእክቱን ሰምቶ «ጥሩ ነው» አለ። ቅዳሜ ማለዳ ስነሳ የላንድሮቨሩን መስታወት ሲወለውል አገኘሁት። ንጹሕ ነበር፣ እሱ ግን ይወለውላል።

ከኋላ ቲማቲምና ዶሮ የያዙ ገበያተኞች ተሳፈሩ። እኔ ጋቢና ገባሁ፣ ሻንጣዬን ጭኔ ላይ አድርጌ። ግራሩ ጋ ስንደርስ እጁን አየሁት። መብራቱን አልነካም።

ድልድይዋ አፍ ላይ ዳር ይዞ ቆመ። ከማዶ ግመሎች ይመጡ ነበር፣ አሳለፈ። ከግመሎቹ ኋላ አንድ ጋሪ ብቅ አለ፣ እሱንም አሳለፈ። ገና ሩቅ ያለ ባጃጅ አቧራውን ሲያስነሳ አየና «ይምጣ» አለ። ባጃጁ ሲደርስ ሹፌሩ የአባቴን መኪና አይቶ ደነገጠና ቆመ። ብዙ በእጅ ምልክት ከተለመነ በኋላ ነው የተሻገረው።

እኔ ሆዬ ተቃጠልኩ። የደብረ ብርሃኑ አውቶቡስ ከሮቢት ረፋድ ላይ ይወጣል። የአክስቴ ስፌት መኪና በሌላ ልጅ እግር ሥር ሲዞር ይታየኛል።

«አባዬ፣ ያመልጠኛል እኮ!»

«እሺ፣ እንሄዳለን» አለና ገባ። ሁለት ላሜራ እንደረገጥን ከማዶ አይሱዙው ከች አለ። ቀድመን የገባነው እኛ ነን፣ ተራው የኛ ነው። አባቴ ግን ማርሹን አንቋቋና ወደ ኋላ መውጣት ጀመረ።

ከኋላችን ጫጫታ ሆነ። «ውይ፣ የኋላ ማርሽ አለው ለካ!» አለች አንዷ ቲማቲም ሻጭ። «ዝም በይ፣ አሞት ይሆናል» አለቻት ሌላዋ።

አይሱዙው አልገባም። ሽንኩርት የሚሸት ባዶ ጆንያ የጫነውን መኪናቸውን ማዶ አቁመው፣ ሰውዬው በእግራቸው ድልድይዋን ተሻግረው መጡ።

«ምነው? ደህና አደርክ? ፍሬን በጠስክ?»

«ደህና ነኝ። እለፍ።»

«አንተ? እኔን? ለማሽላ መብራት የምታበራው ሰውዬ?» ብለው ሊስቁ ሲሉ እኔንና ሻንጣዬን አዩ። «የት ነው ልጄ?»

«ደብረ ብርሃን ነው ጋሼ። ስፌት ልማር፣ አክስቴ ጋ። አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው።»

አባቴን አዩት። እሱ ጨርቁን አውጥቶ መስታወቱን ከውስጥ በኩል ይወለውል ነበር።

«ግባ» አሉት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«በሞቴ፣ አንተ እለፍ።»

«ወላሂ አንዲት ጎማ አላሻግርም! ልጅ የሚሸኝ ይቀድማል።»

«አፈር ስሆን!»

«አትሁን!»

ሰርግ ቤት በር ላይ «ይግቡ፣ እርስዎ ይግቡ» የሚባባሉ ሽማግሌዎች አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው። ከወዲያም ከወዲህም መኪና ተሰልፎ ጥሩምባውን ያንባርቃል፣ ዶሮዎቹ ይንጫጫሉ። ቲማቲም ሻጯ «ኧረ በወላዲቷ፣ ልጅቱን አታስመልጧት!» ብላ ጮኸች። ሰውዬው ተመልሰው ሄዱ። መኪናቸውን ዳር አስያዙና ከፊት ጎማው ሥር አፈሩ ላይ ዘፍ ብለው እግራቸውን ዘረጉ። «ካላለፍክ አልነሳም!» አሉ ከማዶ።

አባቴ ገባ። ሁልጊዜ ጓጓጓ የምትለው ድልድይ ያን ቀን ጓ… ጓ… አለች። ማርሹን አንደኛ ላይ አድርጎ፣ አንዷን ላሜራ ከረገጠ በኋላ ሌላዋን ለመርገጥ የፈራ ይመስል ነበር። አይሱዙው አጠገብ ስንደርስ ሰውዬው ከመሬት ሳይነሱ እጃቸውን ወደ ደረታቸው አደረጉ። እኔ አጎነበስኩላቸው። እውነት ለመናገር ሐሳቤ አውቶቡሱ ላይ ነበር።

ሮጠን ደረስን። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። አባቴ ሻንጣዬን በመስኮት አቀበለኝና «መርፌው ጣትሽን እንዳይወጋሽ» አለ። እንዲሁ ነው የተለያየነው። ጣርማበርን ስንወጣ ብርዱ ገባኝ፣ ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመርኩት።

ስፌቱን ተማርኩ፣ ቤት ከፈትኩ፣ ወለድኩ። ለበዓል እሄዳለሁ፣ እመጣለሁ። ያቺን ጠዋት አንድም ቀን አንስተን አልተጫወትናትም።

አባቴ ሲሞት ለቅሶው ላይ እኒያ ሹፌር መጡ። አርጅተው፣ ምርኩዝ ይዘው። «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ነው የነገሩኝ።

«ያን ቀን፣ የሄድሽ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ ሽንኩርቴን ጭኜ ስመለስ በሮቢት በኩል ድልድዩ አፍ ላይ ቆሞ አየሁት። ለኔ የቆመ መስሎኝ ተሻገርኩና አጠገቡ ስደርስ ‹በል አልፌያለሁ፣ ግባ› አልኩት። ‹ሌላ የሚመጣ አለ፣ ላሳልፈው› አለኝ።»

ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አዟዟሩት።

«ዞሬ አየሁ ልጄ። ድልድዩ ባዶ ነው። ከማዶም እስከ ግራሩ ድረስ አቧራ እንኳ አልነበረም። እኔም ሞተሬን አጠፋሁና አብሬው ጠበቅሁ።»