ያለ ክርክር የወረደ ዋጋ

መካነ ሰላም ላይ ፊልም አከራይ በነበርኩበት ጊዜ ከሰው ሳልጣላ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ምላሴ ሹል ነው፤ አልክድም። እናቴ «አንቺን የሚያገባ ሰው ጆሮውን በጥጥ ወትፎ ይምጣ» ትለኝ ነበር። ያን ሰሞን ግን ጠቡን የሚያመጣው ሲዲው ነበር። ከሁሉም የባሰው ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው ልብስ ሰፊ ነበር። ማታ የወሰደውን የህንድ ፊልም ጠዋት ይዞ ይመጣና ባንኮኒዬ ላይ ይወረውረዋል።

«አይሠራም! ብሬን መልሺ!»

እኔ ሱቄ ባለችው ማጫወቻ ዴክ ስከተው ጥርት ብሎ ይዘፍናል። «ይኸው! ዓይን የለህም?»

«እኔ ቤት እምቢ አለ አልኩሽ እኮ፣ አንቺ ሴትዮ! ሌባ!»

የልብስ ሰፊው ድምፅ ገበያው ድረስ ይሰማል። እሱና እኔ ስንጀምር የመንገዱ ሰው ሥራውን ትቶ ይቆምልናል፤ ከፊልሙ ይልቅ እኛን ለማየት የሚመጣም ነበር።

ነገሩን የፈታችልኝ ዓረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራው ታናሽ እህቴ ናት። እሁድ እሁድ እመቤቷ ስትተኛ ትደውልልናለች። «ከሲዲው ሽፋን ጀርባ ትንሽ ሉል አለች፤ መሐሏ ላይ ቁጥር አለ፤ አንብቢልኝ» አለችኝ። አምስት ነበር። «አሁን ደግሞ የሰውየውን ዴክ ገልብጠሽ እዪ።» ሄጄ አየሁት፤ ሁለት ይላል። ለካ ፊልም የሚሠሩት ሰዎች ዓለምን ከፋፍለው ቁጥር ሰጥተውታል! እኛም ህንድም አምስት ነን፣ ዓረቦቹ ሁለት ናቸው። የአምስቱ ፊልም በሁለቱ ዴክ አይከፈትም። በእኛ ከተማ ደግሞ ጥሩ ዴክ ያለው ልጁ ዓረብ አገር ያለችለት ሰው ነው፤ ዴኩን የላከችው እሷ ናታ። ከደሴ የሚገዛው የቻይና ዴክ ያገኘውን ይበላል እንጂ ቁጥር አይመርጥም። ኮፒ ቢሆን በሁሉም ይሠራ ነበር፤ ግን ተቆጣጣሪ መጥቶ ኮፒዎቼን ከነካርቶናቸው ከወሰደብኝ ወዲህ ኦርጅናል ካልሆነ እጄ አይነካም ብዬ ምያለሁ። ዛሬ ሰው ሁሉ በፍላሽና በስልኩ ነው የሚያየው፤ ይህን ስናገር ተረት የማወራ ይመስላቸዋል።

ስለዚህ የሚያዋጣኝ ባለ ሁለት ቁጥሩ ነው። እሱ ደግሞ የሚገኘው ደሴ፣ አንድ ነጋዴ ዘንድ ብቻ ነው፤ ዋጋው እሳት! ከዓረብ አገር የሚመለሱ ልጆች በሻንጣቸው ይዘው ይመጡና ይሸጡለታል፤ እሱ ለእኛ እጥፍ አድርጎ ይሸጣል። «ለትልቅ ከተማ በካርቶን ይመጣል፤ ለእናንተ በፍሬ ነው የማገኘው። ወላሂ አያዋጣኝም» ይላል። ይህቺ «ወላሂ አያዋጣኝም» የአፉ ማሟሻ ናት። ስንት ጊዜ ጥዬው የሄድኩ መስዬ እስከ በሩ ወጥቻለሁ፤ አንድም ቀን አልጠራኝም። ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል።

ከእሱ እጅ ያወጣችኝ እህቴ ናት። የእመቤቷ ልጆች አንዴ አይተው የሚጥሉትን ሲዲ ሰብስባ፣ በልብስ ጠቅልላ፣ ለሚመለስ ሰው ትሰጥልኛለች። «እኔም እንደ ሲዲሽ ሆኜልሻለሁ» ብላ ሳቀች አንድ እሁድ። «ከዚህ ቤት ውጪ አትሠሪም ብለው ፓስፖርቴን ቆልፈውብኛል።» እኔም ሳቅሁ። እናቴ አልሳቀችም። ስልኩን ነጠቀችኝና «መቼ ነው የምትመጪው?» አለቻት።

«ለፋሲካ፣ እማዬ። ፈቅደውልኛል። አብረን ነው የምንፈስከው።»

እናቴ በማግስቱ ግድግዳውን በነጭ አፈር መለቅለቅ ጀመረች። ለአንዲት ልጅ መምጣት ቤቱን ሙሉ አተራመሰችው፤ አልጋውን ሦስት ቦታ አዘዋወረችው፤ እኔን «እህትሽ ስትመጣ እንዲህ እንዳትጮሂባት» እያለች አሰለቸችኝ።

ጾሙ ከገባ በኋላ አንድ እሁድ ሳትደውል ቀረች። በሚቀጥለውም አልደወለች። እኔ ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። እናቴ ጠዋት ማታ «ደወለች?» ትለኛለች፤ እኔም «ለመምጣት ስትሰናዳ ነዋ፣ ዕቃ መግዛት አለባት» እላታለሁ። ፈርቼ ነበር። ሱቅ ውስጥ ስልኬ በጮኸ ቁጥር የያዝኩትን ሲዲ እየጣልኩ እሮጣለሁ፤ እሷ አይደለችም።

ፋሲካ ሲቃረብ ሰው ፊልም ይፈልጋል። ጾሙን ሙሉ ዴኩን በጨርቅ ሸፍኖ የቆየው ሁሉ ለበዓል ይከራያል። እህቴ የላከቻቸው ሲዲዎች ደግሞ ተጫጭረው አልቀዋል። ስለዚህ ደሴ ሄድኩ። ለሲዲ ብቻ ግን አልነበረም የሄድኩት። ከዓረብ አገር የሚመለስ ሁሉ እዚያ ነጋዴ ሱቅ ሳይገባ አያልፍም፤ የእህቴ ወሬ ካለ እሱ ዘንድ አለ ብዬ ነው።

ገና በሩ ላይ ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሳ።

ይህ ሰው ለባለሥልጣንም አይነሳም። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰና «እናትሽ ደህና ናቸው?» አለኝ። ስንት ዘመን ስንጨቃጨቅ ስለ እናቴ ጠይቆኝ አያውቅም። «ደህና ናት፣ ይመስገነው» ብዬ መምረጥ ጀመርኩ። ባለ ሁለት ቁጥር ናቸው፤ አዲስ፣ ላስቲካቸው ያልተቀደደ። የምፈልገውን ደርድሬ ስጨርስ፣ ከአውቶቡሱ ላይ ጀምሮ ስሰናዳበት የመጣሁትን ጠብ ከፈትኩ።

«ዛሬ በግማሽ ካልሰጡኝ ጥዬልዎት ነው የምሄደው። አንቱ ሰውዬ፣ አላህን አይፈሩም እንዴ?»

«ወላሂ አያዋጣኝም» እስኪለኝ ጠበቅሁ።

«ውሰጂ» አለ።

«ምኑን?»

«ያልሽው ይሁን። ውሰጂው በቃ።» እጁን ወደ መደርደሪያው ሰድዶ ሌላ ሁለት ፊልም ጨመረበት። «ይሄ ደግሞ ለበዓል ከእኔ ነው። አብሽሪ።»

አብሽሪ በእኛ አገር ለሁሉም ይባላል፤ ለታመመም፣ ለተጨነቀም፣ አውቶቡስ ላመለጠውም። ስለዚህ አላጤንኩትም። ኧረ እንዲያውም ደስ ብሎኛል፤ ዛሬ ረታሁት፣ ምን አባቱ! ብሩን ከፍዬ ስጨርስ «ከዚያ አገር ሰሞኑን የመጣ ሰው የለም? እህቴ ድምፅዋ ጠፋብን» አልኩት። ጎንበስ ብሎ ከባንኮኒው ሥር ፌስታል መፈለግ ጀመረ። ፌስታሉ ከራሱ በላይ ተሰቅሏል።

«የለም» አለ ከሥር ሆኖ። «ሰሞኑን የመጣ የለም።»

በመልሱ መንገድ አውቶቡሱ አቀስታ ላይ ቆመ። የአቀስታ ብርድ መቼም አጥንት ይሰብራል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሻይ ሊጠጣ ወረደ። እኔ ፌስታሉን ታቅፌ ቀረሁ። ረትቼ ባገኘሁት ሲዲ ልደሰት ብዬ አንዱን አወጣሁና ጀርባውን አየሁ። ሁለት። ሌላውንም አየሁ። ሁለት። ጾሙ ሲገባ ጎራ ብዬ ሳይ እነዚህ ሲዲዎች እዚያ ሱቅ አልነበሩም፤ የዚያን ሰውዬ መደርደሪያ ከራሴ ሱቅ ይልቅ አውቀዋለሁ። የመጣ ሰው ከሌለ እነዚህን ማን አመጣቸው? መጥቷል እንጂ። የመጣው ሰው ሲዲውን ሸጧል፣ የሆነ ነገርም ተናግሯል፤ ነጋዴው ፊቱን ባንኮኒ ሥር የደበቀብኝ ለዚያ ነው። መንቀጥቀጥ ጀመርኩ። ሰዉ ሻዩን ጠጥቶ ሲመለስ አንዲት ሴትዮ «በረደሽ?» አሉኝ፤ «አዎ፣ በረደኝ» አልኳቸው።

መካነ ሰላም ስደርስ ያገኘሁት ደግነት ነው። ሲዲ አሳድረው በቅጣት የሚከራከሩኝ ሴቶች ሳልጠይቃቸው ከፈሉኝ። ጎረቤት ሁሉ «ምን እናግዝሽ?» ይላል። ማንም ዓይኔን አያየኝም። ልብስ ሰፊውን ለመፈተን ብዬ፣ አውቄ፣ ባለ አምስት ቁጥር ፊልም ሰጠሁት። ጠዋት ይዞት መጣ። አልወረወረውም፤ ቀስ አድርጎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው።

«እምቢ አለኝ» አለ። «ግን ግድ የለም። ብሩም ይቅር።»

«ምን ማለት ነው ይቅር?»

«ይቅር ማለት ይቅር ነዋ፣ እታለም።»

እታለም! አንቺ ሴትዮ ሲለኝ የኖረ ሰው! «ጩኽብኝ!» አልኩት። «አንተ ሰውዬ፣ በማርያም ይዤሃለሁ፣ ጩኽብኝ! ሌባ ነሽ በለኝ!» ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ፊቱን አዙሮ መንገዱን ተሻገረ። የመንገዱ ሰው ቆሞ አየን፤ ማንም አልሳቀም። ሲዲ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ የቅሬያችን ዳኛ በሱቄ በኩል አለፉ፤ ቅሬ ሲባል ለቅሶ ሲሆን የሚረዳዳው የመንደሩ ማኅበር ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ ያለበት። «እናትሽ እህል ትቀምሳለች? ያ ልቧን ያመማት እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ደህና ናት፣ አባ።»

«ይሁን። ሕማማቱን ትስገድ። በዓሉንም በሰላም ትዋል» አሉና ከዘራቸውን ይዘው ቆሙ። የምጠይቃቸው ነገር እንዳለ ያውቃሉ፤ እኔም እንደሚያውቁ አውቃለሁ። በእኛ ዘንድ ለእናት በበዓል መርዶ አይነገርም። ጠይቂ፣ ጠይቂ ይለኛል ልቤ። አልጠየቅኋቸውም። እኔ እስካልጠየቅሁ ድረስ እህቴ አልሞተችም።

እናቴ ሕማማቱን ጉልበቷ እስኪያብጥ ሰገደች። «ልጄን በሰላም አግቢልኝ» እያለች ጮክ ብላ ነው የምትሰግደው፤ ከኋላዋ ያሉት ሴቶች ሁሉ እየሰሟት። ለፋሲካ ዶሮውን ሠርታ ፈረሰኛውን ለእህቴ ብላ አስቀመጠች፤ «መንገድ ላይ ዘግይታ ይሆናል እንጂ ቃሏን አታጥፍም» አለች። ጎረቤቶች እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጡ፤ ጎርሰው መዋጥ ያቅታቸዋል። «ምነው፣ አልጣፈጠም?» ትላቸዋለች። «ኧረ ይጣፍጣል» ይላሉ። እኔ ጓዳ ገብቼ ነጠላዬን ነከስኩ።

ዳግማይ ትንሣኤ ባለፈ ማግስት፣ ገና ሰማዩ ሳይቀላ፣ የብዙ ሰው እግር ወደ ደጃችን ሲመጣ ሰማን። እኔ አልጋዬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። እናቴ ግን ብድግ አለች።

«ተነሺ! መጣች! ሻንጣ ተሸክመውላት ነው!»

«እማዬ፣ አትክፈቺ» ልላት ስል ቀደመችኝ። መቀርቀሪያውን ራሷ ሳበችው።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ፊት የቅሬው ዳኛ ቆመዋል፣ ከጎናቸው ልብስ ሰፊው ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። እናቴ በመሐላቸው እየተጋፋች ሻንጣ ፈለገች። «የታለች?» አለች። «ከኋላ ናት?»

አንዱ ታማ ነው አለ፤ ሌላው ከፎቅ ወድቃ ነው አለ። የሚያውቅ የለም። እዚያው ቀብረዋታል። እኛ ፎቶዋንና የተወችውን ቀሚስ አቅፈን አለቀስን። እህቴን የት እንዳስቀመጧት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ይህ ነገር ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

አርባዋን ካወጣን በኋላ ደሴ ሄድኩ። ሱቁን ብዘጋ እናቴን ምን ላበላ? ነጋዴው ሲያየኝ እንደገና ተነሳ። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰ። ሲዲዎቹን መርጬ ደረደርኩለት፤ ገና አፌን ሳልከፍት «ያሰብሽውን ስጪኝ» አለ።

እናቴን ቤት ብቻዋን ትቻት ነው የመጣሁት።

«እናቴ ምን ሆነች?» አልኩ።

«ምንም! ኧረ ምንም አልሆኑም፣ አስተግፊሩላህ!»

«እንግዲያው አይቀንሱልኝ!» ጮህኩበት፤ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። «እንደ ድሮው ዋጋውን ይጥሩልኝ! ሙሉውን!»

ነጋዴው ቀስ ብሎ ተቀመጠ፣ መፋቂያውን አነሳ፣ የድሮውን እሳት ዋጋ ጠራ።

«ትንሽ አይቀንሱም?» አልኩት።

«ወላሂ አያዋጣኝም።»

እንባዬን እየጠረግሁ ሙሉውን ከፈልኩት። እናቴ ደህና ናት ማለት ነው።