የክንፍ ሰላምታ

የትንሽ አውሮፕላን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር፣ የአሰበ ተፈሪው ቤታችን ቆርቆሮ ከነመንቀጥቀጡ ይመለስብኛል።

አባቴ የበረራ አሠልጣኝ ነበር፤ ያውም ሥራውን የወደደ፣ ማለትም ለራሱ የማያስብ። ባልደረቦቹ የበረራ ሰዓታቸው እስኪሞላ ብቻ አስተምረው ወደ ትልልቁ አውሮፕላንና ወደ ትልልቁ ደመወዝ ሲሄዱ፣ እሱ ላብ ከሚያጠምቃቸው ልጆች ጎን ተቀምጦ ያንኑ መነሣትና ማረፍ ዐሥራ አንድ ዓመት ደጋገመ። በመጨረሻ ተስፋዬ የሚባል ተማሪው አውሮፕላኑን ከመሬት ሲያላትመው፣ አባቴ ግንባሩን ተመትቶ ሩቅ ማየት ተሳነው፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ ልጁን አዳነና ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ።

ክረምት ላይ ደጃፋችን ጫት የምትሸጠው አዴ ኸድጃ ትተርበው ነበር።

«ጋሼ፣ ያስተማሯቸው ሁሉ ሰማይ ላይ፣ እርስዎ ከእኔ ጋር ጭቃ ላይ! ወላሂ፣ እኔ ብሆን ግማሹን ደብቄ ነበር የማስተምረው።»

«ግማሹን የተማረ ይወድቃላ፣ አዴ!»

እሱ ይስቅ ነበር፤ እናቴ ግን አትስቅም።

መኸር ላይ አንበጣ አሰቦት ቆላ ሲያርፍ፣ መድኃኒት የሚረጨው አውሮፕላን በከተማችን ላይ ያልፍ ጀመር። አብራሪው ተስፋዬ ነበር፤ «በላይዎ ሳልፍ ክንፌን አወዛውዛለሁ» ብሎ ለአባቴ ጽፎለታል። አባቴ ከረባቱን አስሮ፣ ትከሻዬን ይዞ ግቢው መሐል ቆመ። ያን ጠዋት ሂሳብ ተሳስቼ ጆሮዬን ቆንጥጦኝ፣ «ተስፋዬ ቢሆን አንዴ መነገር ይበቃዋል» ብሎኝ ነበር፤ ጆሮዬ ገና ይግል ነበር። አውሮፕላኑ መጣና ክንፉን ሦስት ጊዜ አወዛወዘ።

«አወዛወዘ?»

«አላወዛወዘም።»

«ደህና አየሽ?»

«ቀጥ ብሎ ሄደ፣ አባዬ።»

አባቴ ከረባቱን ቀስ ብሎ ፈታ። «ነፋስ ይኖራል» አለ፤ «በነፋስ ክንፍ አያወዛውዙም። እኔው ነኝ ያስተማርኩት።»

አውሮፕላኑ ባለፈ ቁጥር እየጠየቀኝ፣ እኔም ያንኑ እየመለስኩ መኸሩ አለቀ፤ የዋሹትን ማፍረስ ከመዋሸት ይከብድ ነበር። በጋ ሲገባ አባቴ ሰማይ ማየቱንም እኔን ሂሳብ ማስተማሩንም ተወ። ጆሮዬ ዳነ። እሱ ግን እውነቱን ሳልነግረው ሞተ።

የከተማዋ ስም ዛሬ ቺሮ ሆኗል። እኔም እንደ እሱ በረራ ሦስት ዓመት አስተምሬ፣ የተሻለ ደመወዝ ሲገኝ ዞር ብዬ ሳላይ ሄድኩ፤ አሠልጣኞች ለምን አይቆዩም ሲባልም እንደ ሰው ሁሉ «ደመወዙ ነዋ» እላለሁ። በቀደም ግን ከመንገዱ ማዶ አንድ የድሮ ተማሪዬ እጁን ሲያወዛውዝ አየሁ። ዓይኔ ደህና ነው፤ ለእኔ ነው ብዬ እጄን ማንሣት ግን አቃተኝ።