ማቀዝቀዣዬ ውስጥ ያለው የሰው መድኃኒት

ወገኖቼ፣ ቆሜ ስናገር እንባ ስለሚቀድመኝ ጌታ ያደረገልኝን ቀስ ብዬ ጽፌዋለሁ። ስለ ቅናቴ ነውና አፍራለሁ፤ ያወጣኝ እሱ ነውና ግን ዝም አልልም። ስሙ ይባረክ!

ባለቤቴ እዚሁ ወረታ የሩዝ መፈልፈያ ነበረው። ወፍራም ሰው ነበር፤ ሲስቅ ቤቱ ይሞላል። አንድ ጠዋት ጆንያ ሊያነሳ ጎንበስ እንዳለ ልቡ ቆመ። የቀረችኝ የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ ትዕግሥት ናት። በውፍረቷ ቁርጥ አባቷን ናት። ጀሪካን ይዛ ስታለከልክ በሰማሁ ቁጥር ያ ጠዋት ይመጣብኛል።

የጎረቤቴ የአለምነሽ ልጅ ቤዛ እኩያዋ ናት። እሷም ወፍራም ነበረች፤ ቁመቷ ደግሞ አጭር። የሰፈር ልጆች የእኔን «ኩንታል»፣ ቤዛን «ግማሽ ኩንታል» ይሏቸው ነበር። አብረው ያለቅሱ ነበር፤ እኔና አለምነሽም እንዲሁ። በኋላ ሐኪሞች የቤዛ ሰውነት የእድገት ሆርሞን እንደማያመነጭ ደረሱበት። አጎቷ ከአዲስ አበባ መርፌውን ይልክላት ጀመር። በየዕለቱ አመሻሽ የሚወጋ፣ ቅዝቃዜ የሚፈልግ መድኃኒት ነው። አለምነሽ ማቀዝቀዣ የላትም። እኔ ባለቤቴ ለለስላሳ መሸጫ የገዛው አለኝ። «እህቴ፣ አደራ» ብላ እኔ ዘንድ አስቀመጠችው።

ወገኖቼ፣ ዓመት ሳይሞላ ቤዛ ተመዘዘች! ወገብ አወጣች። እናቷ «በደሟ ያለው ስብ ቀንሷል፣ ልቧም ደኅና ነው አሉን፤ ጌታ ይመስገን» ስትለኝ «ይመስገን» እላለሁ፤ ቅናት ግን ይበላኛል። ጉባኤ ነይ ስትለኝ «ያንቺ ጌታ ለአንቺ መርፌ ላከ፤ ለእኔ ሬሳ» አልኳት። ይቅር ይበለኝ።

ትዕግሥትን ይዤ ባሕር ዳር ሄድኩ። «ያን መርፌ ስጡልኝ» አልኩ።

ሐኪሙ መረመራትና «እናቴ፣ የልጅዎ ሰውነት ሆርሞኑን ያመነጫል፤ መጠኑን የቀነሰው ውፍረቷ ነው። ክብደቷ ሲወርድ ይመለሳል። መርፌው ስኳር ሊያስነሳባት ይችላል» አለኝ። «የደም ግፊቷ ጀማምሯል። ለልቧ የሚበጃት ምግቧን ማስተካከልና በየቀኑ በእግሯ መሄድ ነው።»

ለሰው ልጅ መድኃኒት፣ ለእኔ ልጅ መንገድ! ይህን እያልኩ ወረታ ገባሁ።

በማግስቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ማቀዝቀዣውን ከሶኬቱ ነቀልኩት። መብራት ጠፍቶ ነበር እላለሁ አልኩ፤ በእኛ አገር ማን ይጠረጥራል? ድምፁ ሲጠፋ ቤቱ እንደ ለቅሶ ማግስት ጭር አለ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አለምነሽና ቤዛ መጡ። ቤዛ ገና ከበሩ «ኩንታል፣ ተነሺ! እስከ ሩዙ ማሳ በእግር እንሄዳለን!» አለች።

«ትስቂብኛለሽ» አለቻት ልጄ።

«በየትኛው አፌ? ግማሽሽ አልነበርኩ?»

ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። አለምነሽ ግን እጇን ማቀዝቀዣው በር ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። «ጌታ ሆይ፣ እንደ ሁልጊዜው መጀመሪያ የትዕግሥትን ልብ አደራ» አለች።

እንደ ሁልጊዜው! ስቀናባት ስትጸልይልኝ ኖራለች!

«አትውጊያት!» ብዬ ጮህኩ። «ነቅዬዋለሁ። ሆን ብዬ ነው።»

«በልጄ?» አለች። እኔ እዚያው ሶኬቱ ሥር ተንበረከክሁ። «ጌታ ሆይ፣ ከዚህ ልብ አውጣኝ» አልኩ። የመጀመሪያ ጸሎቴ ይህ ነው።

አለምነሽ የማቀዝቀዣውን በር ስትከፍተው በረዶው ገና አልቀለጠም። ለቤዛ ሐኪም ደወለች፤ «ቀዝቃዛ ከሆነ አልተበላሸም» አላት። ሃሌ ሉያ! ቤዛን ወጋቻት። ከዚያ የቀረውን ወደ ቦታው መልሳ ሶኬቱን ራሷ ሰካችው።

«እንዴት እኔ ጋ ትተይዋለሽ?» አልኳት።

«ብትደብቂኝ ይዤው እሄድ ነበር። ነገርሽኝ እኮ» አለች እንባዋን እየጠረገች። «አደራ።»

ዛሬ ልጆቹ በየቀኑ አብረው ይሄዳሉ። ትዕግሥት ገና ወፍራም ናት፤ የደም ግፊቷ ግን ባለፈው ሲለካ ወርዷል። ክብር ለጌታ! እኔ ባለቤቴን አሁንም አለቅሰዋለሁ። ቤዛ ቁመቷን ይዛ ስትገባ ቅናቱ አንዳንዴ ይነክሰኛል። ያኔ እንደ አለምነሽ በሩ ላይ እጄን አደርግና መጀመሪያ ለቤዛ እጸልያለሁ።

ወገኖቼ፣ የምታፍሩበትን ለጌታ ንገሩት፤ እመኑት። አደራ ለበላ ሰው መልሶ አደራ ይሰጣል። መድኃኒቱ ዛሬም እኔ ቤት ነው።